ጥርስ እስከ ምን ድረስ ይመሰክራል? የጠፉ ዶርማውሶችን የመለየት ጥያቄ ሲዳሰስ

ዶርማውስ በአውሮፓ፣ በእስያና በአፍሪካ የሚገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ የሚኖር፣ ሌሊት የሚንቀሳቀስ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ነው። መልኩ አይጥ ይመስላል፤ የብዙዎቹ ጅራት ግን በፀጉር የተሸፈነ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩት ዝርያዎች የብርዱን ወራት በረጅም እንቅልፍ ያሳልፋሉ። ግራፊዩረስ የተባለው አፍሪካዊ ወገን (ጂነስ) በኢትዮጵያም ይገኛል። ዛሬ በሕይወት ያሉት በ9 ወገኖች የሚመደቡ 28 ያህል ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ የዚሁ የግራፊዩረስ ናቸው። እነዚህ ግን ከአንድ ሰፊ ቤተሰብ የተረፉ ጥቂቶች ናቸው። ቤተሰቡ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው፤ የጠፉት ወገኖችም ዛሬ ካሉት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ከጠፉት አብዛኞቹን የምናውቃቸው በጥርሳቸው ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጥርስ ላይ ተመሥርቶ «ይህ አዲስ ዝርያ ነው» ማለት ምን ያህል ያስተማምናል? ጥያቄው ላለፉት ሰባ ዓመታት የዘርፉን ሰዎች ሲያከራክር ቆይቷል። ይህ ዳሰሳ የሚከራከርለት ሐሳብ፣ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሲቀርቡ ኖረዋል የሚል ነው። አንደኛው «እነዚህ ጥርሶች ከአንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ከሁለት?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይህ ዝርያ የማን ዘመድ፣ የማን ዘር ነው?» የሚለው ነው። ጥርስ ለመጀመሪያው ጥያቄ ጠንካራ ምስክር ነው። ለሁለተኛው ግን ብቻውን ቆሞ ሊታመን የማይገባው ምስክር ነው። የክርክሩ ትልቁ ክፍል የመጣውም ለአንደኛው የተሰጠውን መልስ ለሁለተኛውም እንደተሰጠ አድርጎ ከመውሰድ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ጥርስ?

የትንሽ እንስሳ አፅም ቀጭን ነው፤ በቀላሉ ይሰበራል፣ ይሟሟል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል፣ በአንጻሩ በአጥቢዎች አካል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። በተጨማሪም ብዙዎቹ የትናንሽ አጥቢዎች ክምችቶች የተፈጠሩት በጉጉትና በመሰሎቹ አዳኝ ወፎች ነው። ወፏ የበላችውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ ትተፋዋለች፤ ጥቅሉ በዋሻ አፍ ወይም በሐይቅ ዳር ይበሰብሳል፤ ጥርሱ በደለሉ ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪው ያንን ደለል በኩንታል እየጫነ፣ በውኃ እያሟሟ፣ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊሜትር በማይበልጥ ወንፊት ያጥበዋል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ካደረቀ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ይለቅመዋል። በዚህ መንገድ ከአንድ ቦታ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚቆጠሩ ጥርሶች ይገኛሉ፤ ከመንጋጋ አጥንት ጋር ተያይዘው የሚገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የአብዛኞቹ ዶርማውሶች አፍ 20 ጥርሶች አሉት፤ በየጎኑ ላይና ታች አንዳንድ የፊት ጥርስ፣ አንዳንድ ቅድመ መንጋጋና ሦስት ሦስት መንጋጋዎች። ከአንድ እንስሳ የወጡት ጥርሶች በደለሉ ውስጥ ከሌሎች ጋር ስለሚቀላቀሉ፣ የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱን ጥርስ ወደ ነበረበት ስፍራ መመለስ ነው፤ የላይ ነው የታች? የግራ ነው የቀኝ? የመጀመሪያው መንጋጋ ነው ሁለተኛው? የመጀመሪያውና ሁለተኛው በጣም ስለሚመሳሰሉ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት በኋላ የሚመጣውን ልኬት ሁሉ ያዛባል።

አንድ ጥርስ እንዴት ይነበባል?

የዶርማውስ መንጋጋ አክሊሉ አጭር ነው፤ ፊቱን ከጉንጭ ወደ ምላስ የሚያቋርጡ ሸንተረሮች ይሸፍኑታል። የላይኛውን ሁለተኛ መንጋጋ እንውሰድ። አራት ዋና ሸንተረሮች አሉት፤ አንዱ ከፊት ጠርዝ፣ አንዱ ከኋላ ጠርዝ፣ ሁለቱ ደግሞ በመካከል። ሁለቱ የመካከል ሸንተረሮች በጉንጭ በኩል ተራርቀው ጀምረው በምላስ በኩል ይቀራረባሉ። በእነርሱ መካከል ባለው ሸለቆ ከጉንጭ በኩል ተነሥተው መሃል ላይ የሚቆሙ አንድ ወይም ሁለት አጫጭር ሸንተረሮች ይኖራሉ፤ የትኛው እንደሚረዝም፣ የፊተኛው ወይስ የኋለኛው፣ ከዋና ዋናዎቹ መለያዎች አንዱ ነው። በዋናዎቹ መካከል ደግሞ ሌሎች ቀጫጭን ጭማሪዎች ሊታዩ ይችላሉ። በመጨረሻ የምላስ በኩል ጠርዝ ይታያል፤ የፊቱንና የኋላውን ሸንተረር የሚያያይዝ ያልተቋረጠ ግድግዳ አለ ወይስ የለም? ከስፔን ማዮሲን (ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ካለፈው የምድር ታሪክ ዘመን) የሚታወቁትን የጠፉ ወገኖች፣ ማይክሮዳይሮሚስንና ፔሪዳይሮሚስን፣ ለመለየት ከሚታዩት ምልክቶች መካከል ይህ ግድግዳና የጭማሪ ሸንተረሮቹ ብዛት ይገኙበታል።

የፊቱ አጠቃላይ ቅርጽም ይናገራል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ወገኖች የኤልዮሚስ ጥርስ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጉብታዎቹ ጎልተው የሚታዩ ነው። የግሊስና የመስካርዲነስ ፊት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ሸንተረሮቹም ጎን ለጎን ተሰድረው ይሄዳሉ። የግራፊዩረስ ጥርስ ደግሞ ሸንተረሮቹ ደብዘዝ ያሉ፣ ቀለል ያለ ነው። ይሁን እንጂ እንስሳው ባረጀ ቁጥር ጥርሱ ይበላል፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚያ ቀጫጭን ጭማሪዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ባለ ብዙ ሸንተረር ዝርያ አሮጌ ጥርስ የሌላ፣ ቀላል ጥርስ ያለው ዝርያ ሊመስል ይችላል። ብዙ ልምድ ያለው ሰው የመበላቱን ደረጃ ሳይመዘግብ ሸንተረር የማይቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሙሉ አፅም ወደ ጥርስ፣ ከጥርስ ወደ ናሙና

የዘርፉ ታሪክ የጀመረው በጥርስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆርጅ ኩቪየር ከፓሪስ የጂፕሰም ድንጋይ የወጡ ትናንሽ አፅሞችን የዶርማውስ ናቸው ብሎ ገለጸ። በ1863 ሊት አዳምስ ከማልታ ደሴት የተገኘውን ግዙፍ ዶርማውስ ስም ሰጠው፤ ሪቻርድ ላይዴከር ኋላ ላይ ለአዳምስ መታሰቢያ ወገኑን ሊትያ ብሎ ሰየመው። በ1918 ዶሮቴያ ቤት ከባሌያሪክ ደሴቶች የተገኘውን ሂፕኖሚስን አስተዋወቀች። እነዚህ ሁሉ አጥንታቸው ጭምር የተገኘ፣ በመጠናቸውም ዓይን የሚስቡ እንስሳት ነበሩ።

ለውጡ የመጣው የማጠቢያ ወንፊቱ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በ1951 ስቴህሊንና ሻውብ የአይጥ መሰል እንስሳትን ጥርስ በስፋት ያነጻጸረ ሥራ አሳተሙ፤ ግሊራቨስ የተባለው ጥንታዊ ወገንም ስሙን ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። በ1966 እና በ1967 ሃንስ ደ ብሩይን በስፔን የካላታዩድ አካባቢ ከሚገኙ ተደራራቢ የማዮሲን ንብርብሮች የወጡትን ዶርማውሶች መረመረ። የቦታው ጥቅም ንብርብሮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል መቀመጣቸው ነው፤ አንድ ዝርያ ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደሚለወጥ ወይም እንደሚጠፋ መከተል ይቻላል። በ1979 ሄልሙት ማየር የደቡብ ጀርመን ማዮሲን ዶርማውሶችን ጥርስ በዝርዝር አጠና። በ1981 ሬመርት ዳምስ ድርዮሚስን፣ ማዮሚመስን፣ ማይክሮዳይሮሚስንና ፔሪዳይሮሚስን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሸንተረራቸውን ሥርዓት አነጻጸረ። እነዚህ ሥራዎች ያመጡት ትልቁ ለውጥ መለኪያው ከአንድ ጥርስ ወደ ናሙና መሸጋገሩ ነው። ጥያቄው «ይህ ጥርስ ረጅም የመካከል ሸንተረር አለው?» መሆኑ ቀርቶ «ከዚህ ቦታ ከተገኙት ውስጥ ስንቱ አለው?» ሆነ።

ዝርያ የት ላይ ይከፈል?

እዚህ ላይ ሁለት ዝንባሌዎች ይፋጠጣሉ። አንዱ ወገን የሸንተረር ልዩነት ባየ ቁጥር አዲስ ስም ይሰጣል፤ ልዩነቱን ካልመዘገብነው ይጠፋል ብሎ ያምናል። ሌላው ወገን በሕይወት ያለ አንድ ዝርያ ውስጥ የሚታየው መለዋወጥ ራሱ ሰፊ እንደሆነ እያስታወሰ ስሞቹን ያዋህዳል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሚያስማማቸውም ልኬት ነው።

በ1974 ፊሊፕ ጂንጅሪች በሕይወት ያሉ አጥቢዎችን ጥርስ ለክቶ፣ የመጀመሪያው መንጋጋ መጠን በአንድ ዝርያ ውስጥ እምብዛም እንደማይለዋወጥ አሳየ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ በአንድ ንብርብር ውስጥ የመጀመሪያው መንጋጋ ልኬት በሁለት ጎራ ተከፍሎ ከተገኘ ሁለት ዝርያዎች አብረው ይኖሩ እንደነበር መጠርጠር ይገባል። በ1984 ፍሮይደንታልና ኩዌንካ ቤስኮስ ለትናንሽ አጥቢዎች ቅሪተ አካል ከትልቁና ከትንሹ ልኬት ብቻ የሚሰላ የመለዋወጥ መለኪያ አቀረቡ፤ ጥቅሙ ዝርዝር ልኬት ባልታተመባቸው አሮጌ ሥራዎች ላይም መዋሉ ነው። በመጠን ልዩነት ላይ የሸንተረር ልዩነት ሲጨመርበት፣ ሁለቱም በአንድ መስመር ሲከፋፈሉ፣ ማስረጃው ጠንካራ ይሆናል። መጠኑ አንድ ሆኖ የሸንተረሩ ዓይነት ብቻ ሲለያይ፣ በመካከልም ሁሉም ዓይነት ሽግግር ሲገኝ፣ አንድ የተለዋወጠ ሕዝብ ነው ማለት ይቀላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጊዜ ሲገባበት ነው። ከታች ካለው ንብርብር ውስጥ ጭማሪ ሸንተረር ያላቸው ጥርሶች ጥቂት ሆነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየበዙ ቢሄዱና መጨረሻ ላይ ሁሉም ቢኖራቸው፣ መነሻውና መድረሻው ያለ ጥርጥር ይለያያሉ። መሃል ላይ የሚሰመረው መስመር ግን የተመራማሪው ውሳኔ ነው። ውሳኔ መሆኑ ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ የንብርብሮችን ዕድሜ ለማመሳከር እንዲህ ያሉ መስመሮች በእርግጥ ይጠቅማሉ። ጥፋቱ ያ መስመር በተፈጥሮ ውስጥ እንደነበረ ድንበር ሲቆጠር ነው። በአንድ ጊዜና ቦታ አብረው የኖሩ ሁለት ዝርያዎችን መለየት ግኝት ነው፤ አንድ የዘር ሐረግን በጊዜ ውስጥ መከፋፈል ደግሞ ስምምነት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይነት የስም ሥርዓት ስለሚጻፉ አንባቢው ልዩነታቸውን ማየት አይችልም።

የዝምድናው ክርክር፦ ጥርስ፣ ራስ ቅልና ዘረመል

በ1990ዎቹ ሁለት የቤተሰቡ አመዳደቦች ጎን ለጎን ቆሙ። በ1993 ዋለርት፣ ሳዊትዝኬና ሆልደን የራስ ቅልን አሠራር መሠረት አድርገው ዝምድናውን አቀረቡ። በ1995 ዳምስና ደ ብሩይን የጠፉትንም ያሉትንም አካተው በጥርስ ላይ ብቻ የቆመ አመዳደብ አሳተሙ። የራስ ቅሉ ወገን ጥርስ ለምግብ ለውጥ በቶሎ ስለሚገዛ ለዝምድና አይታመንም አለ። የጥርሱ ወገን ከጠፉት የብዙዎቹ ራስ ቅል ስለሌለ፣ ራስ ቅልን መሠረት ማድረግ የቤተሰቡን አብዛኛውን ታሪክ ከግምት ማስወጣት ነው ሲል መለሰ።

ከ2000 ወዲህ የዘረመል ጥናቶች ሦስተኛ ድምፅ አመጡ። እነርሱ በሕይወት ያሉትን በሦስት ንዑስ ቤተሰቦች ይከፍላሉ፤ ግሊስና የጃፓኑ ግሊሩለስ በአንዱ፣ ግራፊዩረስ ብቻውን በሌላው፣ ኤልዮሚስ፣ ድርዮሚስ፣ ማዮሚመስና መስካርዲነስ በሦስተኛው። ትምህርት የሚሰጠው መስካርዲነስ ነው። ጠፍጣፋና ባለ ብዙ ሸንተረር በሆነው ጥርሱ ግሊስን ስለሚመስል ለረጅም ጊዜ ከእርሱ ጋር ሲመደብ ቆይቷል፤ ዘረመሉ ግን ጎድጓዳ ጥርስ ካላቸው ከእነ ኤልዮሚስ ጎራ አስገባው። ጠፍጣፋ ፊት ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በተለያዩ ሐረጎች፣ ለየብቻ ተፈጥሯል ማለት ነው። የካዛኪስታኑ ሴሌቪንያም በተቃራኒው አቅጣጫ ተመሳሳይ ታሪክ አለው፤ ጥርሱ እጅግ ትንሽና የቀለለ በመሆኑ መጀመሪያ የራሱ ቤተሰብ ተሰጥቶት ነበር፤ ዛሬ ከዶርማውሶቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

የጠፉት ራሳቸውም ማስረጃ ሰጥተዋል። በ1991 ሜንና ሮማጊ ከፈረንሳይ አርዴሽ፣ ሳን ቦዚል ከተባለ ቦታ፣ የኋለኛው ማዮሲን አፅም አቀረቡ። ጥርሱ የግሊሩለስ ነው፤ አካሉ ግን ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመንሳፈፍ የሚያገለግል የቆዳ ሽፋን ነበረው፤ ይህ በዛሬዎቹ ዶርማውሶች በአንዳቸውም የለም። ጥርሱ ብቻ ቢገኝ ኖሮ ያንን የአኗኗር ልዩነት ማንም አይጠረጥረውም ነበር። በ2020 ደግሞ ከባሌያሪኩ ሂፕኖሚስ ጥንታዊ ዘረመል ተነበበ። በጥርስና በአጥንት ሲጠረጠር እንደነበረው የቅርብ ዘመዱ ኤልዮሚስ ሆኖ ተገኘ። መለያየታቸው ግን 13 ወይም 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተገመተ፤ የስህተት ህዳጉ ሰፊ ቢሆንም፣ ይህ የሜዲትራኒያን ባሕር ከደረቀበትና የደሴቶቹ እንስሳት ተሻግረዋል ከሚባልበት፣ ከ6 እስከ 5.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረው ዘመን እጅግ ይቀድማል። ጥርስ ዘመዱን በትክክል ጠቆመ፤ የዝምድናውን ርቀት ግን ሊነግረን አልቻለም።

ተቃውሞዎችና መልሶቻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዘረመል ከመጣ ወዲህ የጥርስ ስም ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። መልሱ በቁጥር ቀላል ነው። ሂፕኖሚስ በደሴቶቹ ላይ የጠፋው ሰው ከደረሰ በኋላ፣ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ነው፤ ዘረመሉ የተረፈውም ስለዚህ ነው። የማዮሲን ንብርብሮች ግን ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው፤ ከእነዚያ የዶርማውስ ጥርሶች ዘረመል አልተገኘም። የዘረመል ዛፍ ራሱም ዕድሜውን የሚያስተካክለው በቅሪተ አካል ነው፤ ያ ቅሪተ አካል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥርስ ነው። ጥርስን ከነጭራሹ የሚጥል ሰው የዘረመሉን የጊዜ መለኪያም አብሮ ይጥላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይጠነክራል። በሕይወት ያሉ ዶርማውሶች በመልክ አንድ እየመሰሉ በዘረመል እጅግ ሊራራቁ እንደሚችሉ ታይቷል። የጃፓኑ ግሊሩለስ በየአካባቢው በጥልቅ የተለያዩ ሐረጎች አሉት፤ በአውሮፓው መስካርዲነስም ሁለት የተራራቁ ሐረጎች ተገኝተዋል፤ ኤልዮሚስ ኩዌርሲነስ ደግሞ የክሮሞሶሙ ብዛት ከቦታ ቦታ ከ48 እስከ 54 ይለዋወጣል። እንግዲህ አንድ «የጥርስ ዝርያ» ብዙ እውነተኛ ዝርያዎችን ደብቆ ሊሆን አይችልም? ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ጥርስ የሚሰጠንን ቁጥር ዝቅተኛ ግምት ያደርገዋል እንጂ ውሸት አያደርገውም። ጥርስ «ሁለት ናቸው» ሲል በቂ ናሙናና ጥንቃቄ ካለ ይታመናል፤ «አንድ ነው» ሲል ግን «ልዩነት አላየሁም» ማለቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚነሣው ከጥርስ አፈጣጠር ሳይንስ ነው። በ2007 ካቫና፣ ኢቫንስና ያርንቫል በአይጥ ላይ ባደረጉት ጥናት ቀድሞ የሚበቅለው መንጋጋ ከኋላው የሚመጡትን መጠን እንደሚገታ አሳዩ። በ2010 ሳላዛር ሲዩዳድና ያርንቫል ደግሞ በጥርስ እድገት ሂደት ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥ በመጨረሻው ቅርጽ ላይ ብዙ ለውጥ በአንድ ጊዜ ሊያመጣ እንደሚችል በኮምፒዩተር ሞዴል አመለከቱ። ስለዚህ አምስት ሸንተረሮችን እንደ አምስት የተለያዩ ማስረጃዎች መቁጠር አንዱን ማስረጃ አምስት ጊዜ መቁጠር ሊሆን ይችላል። ይህ ተቃውሞ ለዝምድና ጥናት ከባድ ነው፤ ተቀባይነትም ይገባዋል። ናሙናዎችን ለመለየት ሲሆን ግን ኃይሉ ይቀንሳል፤ በአንድ ንብርብር ውስጥ መሃል የሌላቸው ሁለት ጎራዎች ካሉ፣ ልዩነቱ ከአንድ ምክንያት መጣም ከአምስት፣ ሁለቱ ሕዝቦች እንዳልተዳቀሉ መጠርጠር ይገባል።

በጥርስ ብቻ ስም መስጠት የዶርማውስ አጥኚዎች ልማድ ብቻም አይደለም። በኢትዮጵያ ከአፋር የተገኘው የጠፋ ሰው መሰል ፍጡር፣ አርዲፒቲከስ ካዳባ፣ ከንዑስ ዝርያ ወደ ዝርያ ከፍ ያለው በ2004፣ ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ ተጨማሪ ጥርሶችን ካጠኑ በኋላ ነው። በ2007 የታወጀው የጠፋ ታላቅ ዝንጀሮ፣ ጮሮራፒቲከስ አቢሲኒከስ፣ የተሰየመውም በዘጠኝ ጥርሶች ላይ ነው። በሁለቱም ዙሪያ የቀጠለው ክርክር ይበልጡን የሚያተኩረው በዝምድናቸው ላይ ነው። ልዩነቱን ማየትና ዝምድናውን መወሰን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ይህም ያረጋግጣል።

ያልተፈቱ ነጥቦች

ሦስት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። አንደኛው የአፍሪካዊው ግራፊዩረስ መነሻ ነው። ዘረመል ከጥንት ጀምሮ የተለየ ሐረግ ያደርገዋል፤ የቅሪተ አካል መዝገቡ ግን ወጣት ነው። ኦታቪግሊስ የተባለው የናሚቢያ ማዮሲን ዶርማውስ ክፍተቱን ለመሙላት ከሚታሰቡት መካከል ነው፤ ነገር ግን ቀላል ጥርስ ብዙ ምልክት ስለማይሰጥ ዝምድናውን መወሰን ያስቸግራል። ሁለተኛው የመነሻው የቤተሰብ ግንድ ነው። በጀርመን ሜሰል የተገኘው ኢዮግሊራቨስ ዊልዲ አፅሙ ሙሉ በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ተርፏል፤ እንዲህ ያሉ ግኝቶች በበዙ ቁጥር በጥርስ ብቻ የተሳሉት፣ ከማዮሲን የሚቀድመው የኢዮሲን ዘመን ሐረጎች ሊፈተኑ ይችላሉ። ሦስተኛው ከጥርስ ወደ አኗኗር የሚደረገው ዝላይ ነው። በስፔን ማዮሲን የዶርማውስ ዓይነቶች መፈራረቅ የእርጥበትና የሙቀት ለውጥን ለማንበብ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ነገር ግን «ብዙ ሸንተረር ያለው የደን ነዋሪ ነው» የሚለው መነሻ ራሱ በሌላ ማስረጃ ካልተደገፈ ክርክሩ በራሱ ላይ ይዞራል። የሳን ቦዚሉ ተንሳፋፊ ያስጠነቀቀንም በዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው አሠራር ግልጽ ነው። በጥርስ ላይ የቆመ እያንዳንዱ የዝርያ ስም የናሙናውን ብዛት፣ የጥርሶቹን የመበላት ደረጃና የእያንዳንዱን ሸንተረር ድግግሞሽ ይዞ ይምጣ፤ አብረው ከኖሩ ተለይቶ የታወቀ ነው ወይስ ከረጅም ሐረግ በስምምነት የተቆረጠ፣ ይህም በግልጽ ይጻፍ። የዝምድና ሐሳብ ሲቀርብ ደግሞ ራስ ቅል፣ የአካል አጥንትና በተቻለ ጊዜ ዘረመል እስኪደግፉት ድረስ እንደ ሐሳብ ይያዝ። የማይክሮ ሲቲ ስካን ከኢናሜሉ በታች ያለውን ቅርጽ ስለሚያሳይ፣ የተበላ ጥርስም ያልተበላው ምን ይመስል እንደነበር በከፊል መንገር ይችላል፤ በየሙዚየሙ መሳቢያ ያሉት የቆዩ ናሙናዎች በዚህ መንገድ እንደገና ሊመረመሩ ይገባቸዋል። ጥርስ ስለዚህ ቤተሰብ ያለን እጅግ ሰፊው መዝገብ ነው፤ የሚያውቀውን ብቻ ስንጠይቀው ደግሞ ታማኝ መዝገብ ነው።